በሥራ ክንውን ላይ የተመሠረተ የወጪ ስሌት በአነስተኛ የአገልግሎት ድርጅት

በሥራ ክንውን ላይ የተመሠረተ የወጪ ስሌት፣ የሒሳብ ባለሙያዎች በአጭሩ ኤቢሲ የሚሉት፣ የድርጅትን ወጪ መጀመሪያ በውስጡ ለሚከናወኑት ሥራዎች፣ ቀጥሎም ሥራዎቹን ላስነሳው ደንበኛ ወይም አገልግሎት የሚያከፋፍል ዘዴ ነው። የተለመደው መዝገብ ገንዘቡ በምን ላይ እንደወጣ ይመዘግባል፤ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት እያለ ይዘረዝራል። ኤቢሲ ያንኑ ወጪ እንደገና ከፋፍሎ ደመወዙም ሆነ ኪራዩ ምን ለማሠራት፣ ለየትኛው ደንበኛ ሲባል እንደወጣ ያሳያል።

ሐሳቡ የተነሣው ከፋብሪካ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ስታውበስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ወጪን ከክንውን ጋር የማያያዝን አስተሳሰብ አስቀድሞ አቅርቦ ነበር፤ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ግን በ1980ዎቹ ነው። ቶማስ ጆንሰንና ሮበርት ካፕላን በ1987 ባወጡት መጽሐፍ የዘመኑ የወጪ መረጃ የዘገየ፣ ከመጠን በላይ የተጠቀለለና የተዛባ በመሆኑ ለውሳኔ እንደማይበጅ ተከራከሩ። ካፕላን ከሮቢን ኩፐር ጋር በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ሆነው ካጠኗቸው ድርጅቶች አንዱ የጆን ዲር የመለዋወጫ ፋብሪካ ነው። እዚያ የጋራ ወጪው በዋናነት በሠራተኛና በማሽን ሰዓት ይከፋፈል ስለነበር በብዛት የሚመረቱት ክፍሎች ውድ፣ በጥቂቱ የሚመረቱት ደግሞ ርካሽ መስለው ይታዩ ነበር። ፋብሪካው በጨረታ የሚያሸንፈውም በጥቂቱ በሚመረቱት ላይ ነበር።

ለአገልግሎት ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው የስዊድኑ የማሞቂያ ሽቦ አምራች የካንታል ታሪክ ነው። ኩባንያው ወጪውን በደንበኛ ሲያሰላ 20 በመቶ የሚሆኑት ደንበኞች የጠቅላላ ትርፉን 225 በመቶ ያስገኙ ነበር፤ 70 በመቶው ከወጪው እምብዛም የማይርቅ ገቢ ሲያስገቡ፣ የቀሩት 10 በመቶ ከትርፉ 125 በመቶ የሚያህለውን መልሰው ይበሉ ነበር። ምርቱ ለሁሉም ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው የየደንበኛው አስተዛዘዝና አገልግሎት አጠያየቅ ነው።

በአነስተኛ የአገልግሎት ድርጅት ነገሩ የሚብሰው ከወጪው አብዛኛው የሰው ጊዜ ስለሆነ ነው። ይህ ጥሬ ዕቃ ነው፣ ለዚህ ደንበኛ ገባ ብሎ በእጅ የሚጠቆም ነገር የለም። ባለቤቱም ጠቅላላ ወጪውን ለደንበኞች ቁጥር አካፍሎ በአማካዩ ላይ ትንሽ ጨምሮ ዋጋ ይተምናል።

ለማሳያ ያህል የነጋዴዎችን መዝገብ የሚይዝ አንድ ቢሮ እንውሰድ። አራት ሠራተኞችና ባለቤቱ ይሠሩበታል። የሠራተኞች ደመወዝና ጡረታ በወር 84,000 ብር፣ የባለቤቱ ደመወዝ 30,000፣ ኪራይ 20,000፣ ትራንስፖርት፣ ኢንተርኔትና ወረቀት 8,000፣ ጥበቃ፣ ኢንሹራንስ፣ የፈቃድ እድሳትና ሌላው የቢሮ ማቆያ 18,000፤ ድምሩ 160,000 ብር ነው። የባለቤቱ ደመወዝ በዝርዝሩ መግባቱ ግዴታ ነው። በብዙ ትናንሽ ቤቶች ባለቤቱ ለራሱ ስለማይከፍል በነጻ የሰጠው ጉልበት ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከዚህ በላይ ስሌቱን የሚያበላሽ ነገር የለም። ቢሮው 20 ደንበኞች አሉት፤ እያንዳንዱ 9,000 ብር ይከፍላል። በአማካይ ሲታይ አንድ ደንበኛ 8,000 ብር ያስወጣል፣ 1,000 ብር ያተርፋል።

አሁን ወጪው በሥራ ይከፈል። ሠራተኞቹ ጊዜያቸውን በምን በምን እንደሚያሳልፉ ተጠይቀው ደረሰኝ መለየትና መመዝገብ 72,000 ብር፣ ወርሃዊ የቫት፣ የደመወዝ ግብር፣ የጡረታና የዊዝሆልዲንግ ዲክላሬሽን ማዘጋጀት 40,000፣ ደንበኛ ዘንድም ሆነ ግብር መሥሪያ ቤት መመላለስ 30,000 ብር ወሰደ እንበል። የቀረው 18,000 የትኛውም ደንበኛ ቢመጣ ቢሄድ የማይለወጥ ስለሆነ ሳይከፋፈል ይቆያል። በግድ ማከፋፈሉ አማካዩን በሌላ በር መመለስ ነው። በወሩ 6,000 ደረሰኝ፣ 80 ዲክላሬሽንና 60 ምልልስ ከነበረ አንድ ደረሰኝ 12 ብር፣ አንድ ዲክላሬሽን 500፣ አንድ ምልልስም 500 ብር ያስወጣል። ደረሰኝ፣ ዲክላሬሽንና ምልልስ እዚህ ላይ የወጪ መንስኤዎች ይባላሉ።

አንድ የማማከር ድርጅት በወር 40 ደረሰኝ፣ ሦስት ዲክላሬሽንና አንድ ምልልስ ካለው ወጪው 2,480 ብር ነው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደግሞ 900 ደረሰኝ በፌስታል አጭቆ ወሩ ሊያልቅ ሲል ያመጣል፤ አራት ዲክላሬሽንና ስምንት ምልልስም አለው። የሱ ወጪ 16,800 ብር ይደርሳል። የመጀመሪያው 6,520 ብር ሲተርፍበት ሁለተኛው 7,800 ብር ያከስራል፤ የሚከፍሉት ግን እኩል 9,000 ነው።

ከዚህ በመነሣት መደብሩን ማሰናበት የችኮላ ውሳኔ ነው። ደንበኛው ቢሄድ 16,800 ብር በማግስቱ አይቆጠብም፤ ደመወዙም ኪራዩም ባለበት ይቀጥላል። የሚለቀቀው ጊዜ ነው፤ ጊዜው በሌላ ደንበኛ ካልተያዘ ቢሮው የ9,000 ብር ገቢ ከማጣት በቀር የሚያገኘው የለም። የተሻለው መንገድ ቁጥሩን ይዞ ከደንበኛው ጋር መነጋገር ነው። ደረሰኙ በየሳምንቱ ተለይቶ እንዲመጣ፣ ምልልሱ እንዲቀነስ፣ ከተወሰነ የደረሰኝ ብዛት በላይ ተጨማሪ ክፍያ እንዲኖር መስማማት ይቻላል። ነጋዴው ራሱ ዋጋ አስልቶ የሚሸጥ ሰው ነውና ምክንያቱ ሲነገረው የሚገባው ነገር ነው።

የዘዴው ትልቁ ድክመት የጊዜ አከፋፈሉ በሠራተኛው ቃል ላይ መቆሙ ነው። የሥራ ጊዜውን በመቶኛ እንዲያካፍል የተጠየቀ ሰው ድምሩን መቶ ያደርሳል፤ ያለሥራ ያሳለፈውን ሰዓት የሚጽፍ የለም። ካፕላንና ስቲቨን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት በጊዜ ላይ የተመሠረተው ዓይነት ይህን ለማረም የመጣ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ የአንድ ሰዓት ወጪ ስንት እንደሆነና እያንዳንዱ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ።

በምሳሌው ቢሮ አምስት ሰዎች በወር 176 ሰዓት ቢሠሩ 880 ሰዓት ይሆናል። ዕረፍት፣ ስብሰባና መሰል ነገር ተቀንሶ 80 በመቶው ለሥራ ይውላል ቢባል 704 ሰዓት ይቀራል። ሳይከፋፈል የቆየው 18,000 ሲነሣ የሚቀረው 142,000 ብር ለ704 ሲካፈል ሰዓቱ ወደ 202 ብር፣ ደቂቃው ወደ 3 ብር ከ36 ሳንቲም ይመጣል። አንድ ደረሰኝ ለይቶ መመዝገብ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ወጪው 12 ሳይሆን 10 ብር ገደማ ነው። በ6,000 ደረሰኝ ሲባዛ ልዩነቱ 11,500 ብር አካባቢ ነው፤ ይህ ደንበኞች ያላስወጡት፣ ቢሮው ከፍሎበት ያልተጠቀመበት አቅም ዋጋ ነው። ለትንሽ ድርጅት የሚመከረውም ይኸኛው ዓይነት ነው፤ ሰዓት ይዞ ጥቂት ቀን መለካትና አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃዋል። ሥራዎቹን ከአምስትና ከስድስት በላይ መሸንሸን ልፋቱን እንጂ እውነቱን አይጨምርም።

የልኬቱ ወቅትም ጥንቃቄ ይሻል። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋውና ለግብር የሚቀርበው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። በእነዚህ ወራት የተለካ የሥራ ጫና ዓመቱን ሙሉ ቢሠራበት ዋጋውን ያንራል፤ በየካቲት ብቻ የተለካውም በተቃራኒው ያሳንሰዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ወቅት ተለክቶ በዓመት ይሰላል፤ ደመወዝ ወይም ኪራይ ሲጨምር ደግሞ የሰዓቱ ዋጋ ብቻ ይታረማል፣ ደቂቃዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ።