የነቀርሳ ሕሙማን ደምና የእርምጃ ሕክምና፦ ከጭሮ እስከ ጥቁር አንበሳ

ለነቀርሳ ሕሙማን ከሚሰጡት ምክሮች መካከል ለብዙ ዘመን ቀዳሚውን ስፍራ ይዞ የኖረው ዕረፍት ነው። የደከመ ሰው ይተኛ ማለት ከርኅራኄ የመነጨ በመሆኑ ተቃራኒ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ሥራ የፈታ ጡንቻ እንደሚመነምን፣ ልብም ደምን የመግፋት ኀይሉ እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከልክ ያለፈ ዕረፍት ራሱ ድካምን ይወልዳል።

ነገሩን ለመረዳት ከደም መነሣት ይገባል። ኦክሲጅንን ከሳንባ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። የሕዋሱ ዕድሜ 120 ቀን ያህል ስለሆነ የአጥንት መቅን ያለማቋረጥ አዲስ ሕዋስ ያመርታል። የኬሞቴራፒ መድኃኒት ግን ፈጥነው የሚራቡትን ሕዋሳት ስለሚያጠቃ፣ ነቀርሳውን ሲመታ መቅኑንም ይጎዳል። ከዚህም የተነሣ ሕመምተኛው ደም ያንሰዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ሲጎድል ለተላላፊ በሽታ፣ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ሲጎድሉም ለመድማት ይጋለጣል።

ኤሮቢክ የተባለውን የሰውነት ማጎልመሻ በሕዝብ ዘንድ ያስታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ አገር ሜሪል ዊኒንግሃምና ባልደረቦቿ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ የጡት ነቀርሳ ሕሙማንን በሳምንት ሦስት ጊዜ ቋሚ ብስክሌት አስነድተው፣ የሥራ ዐቅማቸው እንደሚጨምር አሳዩ። በጀርመን ደግሞ ፈርናንዶ ዲሜዮና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ጥናቶችን አወጡ። በአንደኛው፣ ከከባድ ኬሞቴራፒ በኋላ ለ6 ሳምንት በማሽን ላይ የተራመዱት ሕሙማን ሄሞግሎቢን ካልተራመዱት ከፍ ብሎ ተገኘ። በሁለተኛው፣ አልጋቸው ላይ ሆነው በየቀኑ 30 ደቂቃ ፔዳል የመቱት ሕሙማን ነጭና ደም የሚያረጉ ሕዋሳት የጎደሉበት ጊዜ አጠረ። በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ስለ ሄሞግሎቢን አንድ ዓይነት ውጤት ባይሰጡም፣ ድካምን በመቀነስ ረገድ ግን ማስረጃው ጸንቷል።

ይህ ዕውቀት በሌላው ዓለም ሲስፋፋ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ሕመምተኛ ችግር መንገዱ ነበር። በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር አገረ ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያቋቋሟት አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ባቡሩ ግን በቆላው በሚኤሶ በኩል አለፈ። የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲጀመር፣ የጭሮ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት፤ ከገለምሶና ከበዴሳ የሚነሣው ደግሞ አስቀድሞ ዋናውን መንገድ መያዝ ነበረበት። ደሙ ያነሰ ሰው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተቀምጦ ሲውል አያርፍም፤ አካሉንም አያሠራም። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል አማካይነት የነቀርሳ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ከተሞች አንዷ መሆኗ ለሂርናና ለጭሮ ሰው መንገዱን አሳጥሮለታል።

የጨረር መሣሪያ በየከተማው አይተከልም። እርምጃ ግን መሣሪያ አይጠይቅም። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የጠራው የሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው መመሪያ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ 30 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ለ8 እስከ 12 ሳምንት ሲደረግ ድካምን እንደሚያቀልል አረጋግጧል። መጠነኛ የሚባለውም እየተራመዱ መነጋገር የሚያስችለው ነው። ለጭሮ ሰው ይህ በዳገቱ ሳይሆን በሜዳማው መንገድ የሚፈጸም ነው።

ይሁን እንጂ መሐንዲስ የድልድይን ዐቅም ሳያውቅ ጭነት እንደማይፈቅድ፣ እርምጃም ያለ ደም ቆጠራ አይታዘዝም። ትኩሳት ያለበት፣ የሚደማ ወይም ደሙ እጅግ ያነሰ ሕመምተኛ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ሊጀምር አይገባውም። የጭሮ ከፍታም የሄሞግሎቢንን ልክ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ቁጥሩ በባሕር ወለል መለኪያ ብቻ ቢነበብ የደም ማነሱ ቀለል ያለ ይመስላል። እንግዲህ ሕክምናውን ወደ ሕመምተኛው ቀዬ ለማቅረብ ለሚያስቡ ሁሉ ቀዳሚው ሥራ፣ በየወረዳው ከተማ ደምን በትክክል የሚቆጥር ላቦራቶሪና የማይቋረጥ መብራት ማዘጋጀት ነው። እርምጃው ከዚያ በኋላ የሕመምተኛው ነው።