ካናቢዲዮል፦ በአማርኛ ምን እንበለው?

ባለፈው ክረምት አሶሳ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እናት ቡና ጠሩኝ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሠፈራ ከመጡት ናቸው። ቶናው እየተጠጣ ሳለ ከመቀነታቸው አውራ ጣት የምታህል ቡናማ ብልቃጥ ፈትተው አወጡ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ጽሑፏን እይልኝ» አሉ። «ልጄ ነው ከውጭ አገር የላከልኝ። አልማዝ ባለጭራው ከጠፋ ወዲህ ጎኔን ነጠላ እንኳ ሲነካኝ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ይሄ አይጥ ላይ ተሞክሮ ሕመሙንም ጭንቀቱንም አጥፍቷል አለኝ።»

ብልቃጡ ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ነበሩ፤ ሲ፣ ቢ፣ ዲ። ካናቢስ ከሚባለው ተክል የሚወጣ ነገር መሆኑን ስነግራቸው ጎረቤታቸው ስኒዋን አስቀምጣ «እንዴ! ዕፀ ፋሪስ ነዋ! እማማ፣ ይጣሉት» አለች። እናትየው ብልቃጡን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ራቅ አድርገው አስቀመጡት። ልጁም ጎረቤቲቱም ክፋት የላቸውም፤ ሁለቱንም ያሳታቸው ቃል ነው።

ከስሙ እንጀምር። ሲ.ቢ.ዲ. የካናቢዲዮል ምኅጻር ነው። ካናቢስ በውስጡ ካናቢኖይድ የሚባሉ፣ ከመቶ የሚበልጡ የአንድ ቤተሰብ ኬሚካሎች አሉት። ጎልተው የሚታወቁት ሁለቱ ናቸው፤ አእምሮን የሚያሰክረው ቲ.ኤች.ሲ. እና የማያሰክረው ካናቢዲዮል። ካናቢዲዮልን እ.ኤ.አ. በ1940 ከተክሉ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ሮጀር አዳምስ ሲሆን፣ የተሟላ ኬሚካላዊ ቅርጹን በ1963 ያሳዩት እስራኤላዊው ራፋኤል ሜሹላምና የሥራ ባልደረባቸው ናቸው።

እኛ ዘንድ ያለው ችግር «ዕፀ ፋሪስ» የሚለው ቃል ነው። በፖሊስ መግለጫና በዜና ካናቢስን ለመጥራት ይውላል። በባህል መድኃኒት አዋቂዎችና በዕፅዋት ጥናት መዝገብ ግን ይኸው ስም ለአስተናግር ጭምር ተሰጥቶ ይገኛል፤ ያ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ አበባና እሾኻም ፍሬ ያለው ተክል። አስተናግር ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ የበላውን ሰው ያስቀባጥራል፣ አፉን ያደርቃል፣ የዓይኑን ብሌን ያሰፋል፣ ሊገድልም ይችላል። ከካናቢስ ጋር ዝምድና የለውም። አንድ ስም ሁለቱን ከያዘ፣ ስለ ካናቢዲዮል ጥቅም ሰምቶ አስተናግር የሚቀነጥብ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። ከኩርሙክ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ካናቢስን ባንጎ ይሉታል፤ የእነሱ ቢያንስ ከሌላ ተክል ስም ጋር አይጋጭም።

ካናቢስ ለአገራችን እንግዳ ነው እንዳይባል፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ በተባለ ስፍራ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ፒፓዎች ውስጥ የካናቢስ ቅሪት ተለይቷል። ዘመናቸው ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ይጠጋል። ጥንታዊነቱ ግን የስሙን ጣጣ አልፈታልንም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ፓራሲታሞልንና ኢንሱሊንን እንዳለ እንደወሰድነው ካናቢዲዮልንም እንዳለ እንውሰደው፤ መጀመሪያ ሲጠቀስ «የማያሰክር የካናቢስ ንጥር» ተብሎ ይፈታ። «የማያደነዝዝ» የሚል ፍቺ አይቻለሁ፤ አይሆንም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ማሰኘት ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነውና።

አሁን ወደ አይጦቹ። እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ፔይን» በተባለ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት አለ፤ ልጁ የሰማውም እንዲህ ካለው ሳይሆን አይቀርም። የአይጦቹ የኋላ እግር ነርቭ እንዲጎዳ ይደረጋል። ነርቩ የተጎዳ አይጥ እግሩን በቀጭን ክር ነካ ሲያደርጉት ፈጥኖ ይሰበስባል፤ ጤነኛ አይጥ ግን ያን ያህል ንክኪ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሳይንሱ ይህን አሎዲኒያ ይለዋል። «የንክኪ ሕመም» ብንለው ያስኬዳል፤ የእናትየው የነጠላ ቃጠሎ ማለት ይኸው ነውና። ለአይጦቹ በኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ካናቢዲዮል በየቀኑ ለ7 ቀን ሲሰጣቸው የንክኪ ሕመሙ ቀነሰ፤ የጭንቀት ምልክታቸውም እንዲሁ።

እኔን ያስገረመኝ የሚቀጥለው ነው። ተመራማሪዎቹ ትሪፕ ቪ-ዋን የሚባለውን ተቀባይ በሌላ መድኃኒት ሲዘጉት ሕመም የማስታገስ ሥራው ቆመ። ይህ ተቀባይ ሚጥሚጣ አፋችንን ሲያቃጥለን የሚነቃው ነው። የጭንቀቱ ለውጥ ግን በዚህ አልተነካም፤ እሱ የጠፋው ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ተቀባይ ሲዘጋ ነው። ሕመሙና ጭንቀቱ በአንድ በር ብቻ አይገቡም ማለት ነው።

ጭንቀትን አይጥ ላይ እንዴት ይለኩታል? አንዱ መንገድ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው መተላለፊያ ነው። ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። አይጥ በተፈጥሮው ገላጣና ከፍታ ስለሚፈራ ግድግዳውን ይጠጋል። ወደ ገላጣው ደፍሮ ከወጣ ፍርሃቱ ቀንሷል ተብሎ ይመዘገባል። የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት በኪሎ 2.5፣ 5 እና 10 ሚሊግራም የተሰጣቸው አይጦች ወደ ገላጣው ይበልጥ ወጡ፤ 20 ሚሊግራም የተሰጣቸው ግን ለውጥ አላሳዩም። መጠን በጨመረ ቁጥር ውጤት ይጨምራል ብሎ ጠብታ ለሚያበዛ ሰው ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ተመራማሪዎቹ «ጭንቀት» አይሉም፤ «ጭንቀት መሰል ባሕርይ» ይላሉ። አይጥ ተጨነቅሁ ብሎ አይነግረንም፤ የምናየው የት እንደቆመና ስንት ጊዜ እንደወጣ ብቻ ነው። «መሰል» የምትለው ቃል የጥናቱ ሐቀኝነት ናት። ወሬው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲሻገር መጀመሪያ የምትወድቀው ግን እሷ ናት፤ እንዲህ ነው አሶሳ ቡና ላይ «ጭንቀትን አጥፍቷል» ሆኖ የሚደርሰው።

ሰው ላይስ? የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የተጣራ ካናቢዲዮል የፈቀደው ለሁለት አስቸጋሪ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እንጂ ለሕመም አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ማስረጃው በቂ ስላልሆነ ካናቢኖይዶችን ለሕመም ማስታገሻነት እንደማይደግፍ አስታውቋል። ካናቢዲዮል ጉበትን ሊጎዳ፣ የሌሎች መድኃኒቶችንም ሥራ ሊያዛባ ይችላል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውም አይታመንም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት በኢንተርኔት ከተሸጡ 84 ምርቶች መጠናቸው በትክክል የተጻፈው 31 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ በ18ቱ ውስጥ አስካሪው ቲ.ኤች.ሲ. ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ብልቃጥ ይዞ መገኘት ደግሞ በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ሊያስጠይቅ ይችላል።

ይህ የቃላት ጉዳይ በአንድ ብልቃጥ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሶሳ ዞን የበርታ ሕዝብ የባህል ሕክምና ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል፤ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የባህል መድኃኒት ተክሎችን ሕመም የማስታገስ ኃይል በአይጥ ይፈትሻሉ። ነገ ስለ ራሳችን ተክል የሚወጣው ዜና በእነዚሁ ቃላት ነው የሚጻፈው።

እናትየውን ጠብታውን እንዳይወስዱ ነግሬ ሆስፒታል እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ለእንዲህ ያለ የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊንን የመሰሉ፣ በሰው ላይ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ። እናንተ የጤና ዜና የምትተረጉሙ ሁሉ ደግሞ፣ አደራ፣ «በአይጥ ላይ» የሚለውን ከአርእስቱ አታውጡት፤ «መሰል»ንም አትጣሏት።