ስፓኒሽ የተቀበረበት ትምህርት ቤት፣ ስፓኒሽ የሚመለስበት ማዕድ ቤት

ጊዜው 1954፣ ቦታው በምዕራብ ቴክሳስ የምትገኘው ማርፋ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብላክዌል በሚባለው ትምህርት ቤት የሚማሩ የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች በቁራጭ ወረቀት ላይ ስፓኒሽ እንደማይናገሩ ቃል የሚያስገባ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ታዘዙ። ወረቀቶቹ ተሰበሰቡ፣ ሳጥን ውስጥ ገቡ፣ በሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አጠገብም ተቀበሩ። ለሟቹም ስም ወጥቶለት ነበር፤ «ሚስተር ስፓኒሽ»።

በዚያ ግቢ ስፓኒሽ ሲናገር የተገኘ ልጅ በጠፍጣፋ እንጨት ይመታ ነበር። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን እናቱ «እራት ቀርቧል፣ ና ብላ» የምትለው በዚያው ቀብረኸው ና በተባለው ቋንቋ ነው።

ዛሬ የእነዚያ ልጆች የልጅ ልጆች የሚሆኑ አሜሪካውያን ገንዘብ አጠራቅመው ወደ ኦሃካ፣ ወደ ኩዌርናቫካ፣ ወደ ጓቲማላዋ አንቲጓ ይበራሉ። እዚያም ቶርቲያ መጋገር፣ ሽመና፣ ገበያ ወጥቶ መከራከር ይማራሉ፤ የሚፈልጉት ግን ቶርቲያውን ብቻ ሳይሆን ቋንቋውን ነው። አንዳንዱ ይስቅባቸዋል። የገዛ አያቱን ቋንቋ ከፍሎ የሚማር ሰው የት አለ? ይላል። የሚስቀው ሰው ታሪኩን ስላላወቀ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1848 ነው። አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ተዋግታ ካሸነፈች በኋላ በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ስምምነት ካሊፎርኒያን፣ ኒው ሜክሲኮን፣ አሪዞናንና ሌላውንም ሰፊ መሬት ወሰደች። ቴክሳስ ቀደም ብላ ተቀላቅላለች። በመሬቱ ላይ የሚኖሩት ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ከቤታቸው ሳይወጡ አገራቸው ተቀየረ። በመጀመሪያ ቋንቋቸው የተከበረ መስሎ ነበር። የካሊፎርኒያ የ1849 ሕገ መንግሥት ሕጎች በስፓኒሽም እንዲታተሙ ያዝዝ ነበር። በ1879 የወጣው አዲሱ ሕገ መንግሥት ግን ያንን ሰረዘው። ኒው ሜክሲኮ በ1912 ክፍለ ግዛት ስትሆን ለስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች ጥበቃ የሚሰጡ አንቀጾች ጻፈች፤ በጽሑፍ ያለውና ክፍል ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ አልተገናኙም።

ቴክሳስ ደግሞ ከሁሉም ጠነከረች። በ1918 በወጣው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ ማስተማር መምህሩን የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በሕጉ የተጠየቀው መምህሩ ነው፤ ዱላው ያረፈው ግን ልጁ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ግሎሪያ አንሳልዱዋ በ1987 ባሳተመችው መጽሐፏ በእረፍት ሰዓት ስፓኒሽ ስትናገር ተይዛ እጇን በማስመሪያ እንደተመታች ጽፋለች። ይህ የአንድ ክፉ አስተማሪ ጉዳይ አልነበረም። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1972 ባወጣው ሪፖርት በደቡብ ምዕራብ ትምህርት ቤቶች ስፓኒሽን መከልከልና በዚያ ምክንያት መቅጣት የተለመደ አሠራር እንደነበር መዝግቧል።

ባሕር ተሻግሮም ተሞክሯል። አሜሪካ በ1898 ፖርቶ ሪኮን ከስፔን ከወሰደች በኋላ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ ግማሽ ምዕተ ዓመት ታግላለች። በ1949 የደሴቲቱ የትምህርት ኃላፊ ማሪያኖ ቢያሮንጋ ስፓኒሽን ወደ ክፍል መለሰው። ፖርቶ ሪኮ የዳነችው ሕዝቡ በአንድ ደሴት ላይ ተሰብስቦ ስለሚኖር ነው፤ ከክፍል ውጪ ያለው ዓለም በሙሉ ስፓኒሽ ነበር። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ያለው ልጅ ይህ ዕድል አልነበረውም።

አሁን የዋናው ጉዳት ቦታ ላይ እንድረስ። ዱላው ቋንቋውን በቀጥታ አልገደለውም። የተመቱት ልጆች ስፓኒሹን አልረሱትም፤ አድገው፣ አግብተው፣ ወልደው ሲያበቁ ግን አንድ ውሳኔ ወሰኑ፤ «ልጄ እንደ እኔ አይመታም»። ለልጆቻቸው እንግሊዝኛ ብቻ አወሩ። በቤት ውስጥ ስፓኒሽ የባልና ሚስት ምስጢር ማውሪያ፣ የአያት ጸሎት፣ የቁጣ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ማንነትን መሸጥም አይደለም። ፍቅር ነው፤ ያውም በፍርሃት የተገዛ ፍቅር። የቋንቋ ሊቁ ጆሹዋ ፊሽማን የስደተኛ ቋንቋ በሦስት ትውልድ እንዴት እንደሚጠፋ ሲያስረዳ የኖረው ይህንኑ ነው። የመጀመሪያው ይናገራል፣ ሁለተኛው ይሰማል፣ ሦስተኛው የምግብ ስም ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ጨካኝ ቀልድ ይቀልዳል። አያቱ ስፓኒሽ በመናገሩ የተቀጣ ልጅ አሁን ባለመናገሩ ይሰደባል። ሜክሲኮ ሲሄድ «ፖቾ» ይሉታል፤ ሜክሲኳዊነቱ የደበዘዘ እንደ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «የኖ ሳቦ ልጆች» የሚል ፌዝ አለ። «አላውቅም» በስፓኒሽ «ኖ ሴ» ነው፤ ሰዋሰውን በግምት የሚሠራ ልጅ «ኖ ሳቦ» ይላል፣ ስሙም እሱው ሆኖ ይቀራል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ካሉ ላቲኖ አዋቂዎች 24 በመቶዎቹ በስፓኒሽ መነጋገር የሚችሉት ጥቂት ብቻ ወይም ጭራሽ የማይችሉ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 54 በመቶዎቹ በዚህ ምክንያት በሌላ ላቲኖ ተሸማቀው ያውቃሉ። በዚያው ጥናት 78 በመቶው ላቲኖ ለመሆን ስፓኒሽ መናገር ግዴታ አይደለም ብሏል። በመጠይቅ ላይ ሁሉም ደግ ነው፤ በቤተሰብ ግብዣ ላይ ግን ፌዙ ይቀጥላል።

የቴክሳሷ ዘፋኝ ሴሌና ኪንታኒያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። አፍ የፈታችው በእንግሊዝኛ ነው። የስፓኒሽ ዘፈኖቿን መጀመሪያ ያጠናችው ትርጉማቸውን አጣርታ ሳይሆን ድምፃቸውን ይዛ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሜክሲኮ ስትገባ ከጋዜጠኞች ፊት ቁጭ ብላ፣ እየተሳሳተች፣ በስህተቷ እየሳቀች ተናገረች። ሕዝቡ ወደዳት። በ1995 በ23 ዓመቷ ስትገደል ቋንቋውን በሥራ ላይ፣ በአደባባይ እየተማረችው ነበር።

ሕግ ቀስ በቀስ ተቀይሯል። በ1968 የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተማሪዎች በሺዎች ሆነው ከክፍል ወጡ፤ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ነበር። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ ወጣ። ካሊፎርኒያ በ1998 በሕዝብ ድምፅ መልሳ አጠበበችው፣ በ2016 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ከፈተችው። ይሁንና የመማሪያ ክፍሉ ሌላ ችግር ነበረበት። እንደ ጓዳሉፔ ባልዴስ ያሉ ምሁራን ከ1970ዎቹ ጀምረው እንዳሳዩት፣ የውርስ ቋንቋ ተማሪ ከባዕድ ተማሪ ጋር አንድ አይደለም። ቀልዱን ይሰማል፣ የአያቱን ቁጣ ከድምፁ ይለያል፣ ስለ ባንክ ወይም ስለ ምርጫ ተናገር ሲባል ግን ቃል ያጣል። «ሰላም፣ ስሜ እከሌ ይባላል» ከሚለው ምዕራፍ ቢያስጀምሩት ይሰለቻል፤ ከፍ ያለው ክፍል ቢያስገቡት የቤቱን ስፓኒሽ «ስህተት» እያሉ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል። ቋንቋው የተቀማው በክፍል ውስጥ ነው። እንግዲህ ያው ክፍል፣ ያው ፈተና፣ ያው ቀይ ቀለም ብቻውን ይመልሰዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጉዞው የሚገባው እዚህ ነው። በላቲን አሜሪካ ለውጭ ሰው ስፓኒሽ የማስተማር ሥራ አዲስ አይደለም። ኢቫን ኢሊች በ1961 ኩዌርናቫካ ላይ የከፈተው ማዕከል ወደ ላቲን አሜሪካ ለሚሄዱ ሚሲዮናውያንና በጎ ፈቃደኞች ጠንካራ የቋንቋ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ማዕከሉ በ1976 ተዘጋ፣ ከተማዋ ግን የቋንቋ ትምህርት ቤት መንደር ሆና ቀረች። አንቲጓም አንድ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻ የሚቀመጥበትን፣ ተማሪው ከአካባቢው ቤተሰብ ጋር የሚያድርበትን ዘዴ አስፋፋች። እነዚህ ቤቶች በመጀመሪያ የታሰቡት ለባዕድ ነበር። የስደተኛ ልጆችና የልጅ ልጆች የመጡት በኋላ ነው።

ማዕድ ቤት የሚያስተምረውን ለማየት ቶርቲያን እንውሰድ። በቆሎው በኖራ ውኃ ይቀቀላል፣ ይታጠባል፣ ይፈጫል፣ ሊጡ በእጅ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ የምጣድ ዘመድ በሆነው «ኮማል» ላይ ያርፋል። ሴትዮዋ «ቦልቴያላ» ትላለች፤ ገልብጪው ማለት ነው። በሰዋሰው መጽሐፍ ይህች ቃል የትእዛዝ ግስና ተሳቢ ተውላጠ ስም ተጣብቀው የሚሠሩባት ተማሪ የሚያስጨንቅ ምዕራፍ ናት። ኮማሉ ላይ ግን ካልገለበጥሽው ያርራል፣ በቃ። ሦስት ጊዜ ካረረብሽ በአራተኛው ቃሉ ከጣትሽ ጋር ተዋህዷል። አንቱታውም እንደዚሁ ነው። ስፓኒሽ እንደ አማርኛ «አንተ»ን እና «እርስዎ»ን ይለያል። አሜሪካ ያደገው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያለው «አንተ» ብቻ ነው። የ70 ዓመት ባልቴት በርበሬ ስታስመርጠው ግን ማንም ሳይነግረው አንደበቱ ይታረማል።

ኢትዮጵያውያን ይህን የሚጠራጠሩ ከሆነ «የኩባ ልጆችን» ይጠይቁ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት የተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በሶማሊያ ጦርነት ያጡ፣ ቀናቸውን በክፍልና በብርቱካን እርሻ መካከል ተካፍለው አደጉ። ስፓኒሽ የቤተሰባቸው ቋንቋ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ላይ ሲገናኙ የሚጫወቱት በዚያው ቋንቋ ነው።

ይህ ማለት ግን የአውሮፕላን ትኬት መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንት ተናጋሪ አያደርግም። ቱሪስት በበዛበት ከተማ አስተናጋጁ ገና ሲያይህ በእንግሊዝኛ ይጀምርሃል። ከሁሉ በላይ፣ ጉዞ ገንዘብና ወረቀት ይጠይቃል። በልጅነታቸው ያለ ሰነድ አሜሪካ የገቡ ወጣቶች ከወጡ መመለስ አይችሉም። በ2012 የመጣው ዳካ የተባለው ጊዜያዊ ከለላ ለአንዳንዶቹ በልዩ ፈቃድ ለትምህርት ወጥቶ የመመለስ በር ከፍቶ ነበር፤ በ2017 ተዘጋ፣ በ2020 መጨረሻ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተከፈተ። በዚያች ክፍተት ሜክሲኮ የደረሱ ተማሪዎች ሕፃን ሆነው የተለዩዋቸውን አያቶች አግኝተዋል። ለእነዚህ ስፓኒሽ የጉብኝት ማጣፈጫ ሳይሆን ያችን አንድ ጊዜ የሚያወሩበት መሣሪያ ነበር።

በዋሽንግተን አካባቢ ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ይህን ወሬ ሲሰሙ ባዕድ አይሆንባቸውም። «ይሰማል፣ ግን አይናገርም» የማይባልበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። ልዩነቱ ማንም አማርኛን በሳጥን አልቀበረባቸውም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ጉዞውን የሚያደንቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ስፓኒሽ ራሱ በመርከብ የመጣ የገዥ ቋንቋ ነው። በሜክሲኮ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የአገሬውን ሕዝብ ልጆች ስፓኒሽ ብቻ ተናጋሪ ለማድረግ ለፍተዋል፤ የአገሬው ቋንቋዎች እንደ ብሔራዊ ቋንቋ በሕግ የታወቁት በ2003 ነው። ሎስ አንጀለስ ከኦሃካ በመጡ ሳፖቴክ ቤተሰቦች የተሞላች ናት። ከእነዚህ አንዷ የሆነች ወጣት የአያቷን ቋንቋ ፍለጋ ወደ ቴኦቲትላን ዴል ባዬ ብትሄድ፣ ሸማኔዎቹ ክሩን እንዴት እንደምትይዝ በስፓኒሽ ያስረዷታል። ዞር ብለው እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ግን የምትሰማው ሳፖቴክኛ ነው፤ አያቷ ሕፃን ሆና የተናገረችው፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ተዪ የተባለችው።