የደረቅ ጨርቅ ታሪክ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን አጥቦ የጨረሰውን የሰፈራችንን ልጅ ክፍያ ቆረጥኩበት። ምክንያት ነበረኝ፤ ወይም ያለኝ መሰለኝ። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት፣ ቀጫጭን ክብ በክብ ላይ ተደራርቦ፣ ብቅ አለ። «ባልዲህ ውስጥ አሸዋ አለ! መኪናዬን በብርጭቆ ወረቀት ነው እንዴ የፈገፈግከው?» አልኩት። ልጁ የሰጠሁትን ተቀብሎ አንገቱን ደፋና፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ በውሃ ነው የማጥበው። ጠዋት ጠዋት በደረቁ የሚጠርጉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ባልዲውን አንጠልጥሎም ሄደ።

እንዲህ ያለ መልስ ያናድዳል። ዕድሜውን ሲያስተምር የኖረን ሰው ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። ጥፋተኛ ነህ ስባል ወደ መጽሐፍ መሸሽ የቆየ አመሌ ነውና፣ ያን ቀን ስለ መኪና ቀለም ታሪክ ሳገላብጥ አመሸሁ።

ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣችው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣት ሲድሊ የምትባል መኪና ነበረች። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ መኪና የሚቀባው እንደ ፈረስ ሠረገላ ነበር። የዘይት ቀለም በብሩሽ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ተፈግፍጎ ይለሰልሳል፤ እንደገና ይቀባል፤ በመጨረሻ ቫርኒሽ ይለብሳል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ይህን ያህል የተለፋበትን ነገር ታዲያ ሠረገላ ነጂዎቹ እንዴት ያጥቡት ነበር? በብዙ ውሃ! ጭቃው ሳይደርቅ ውሃ ያፈሱበታል፤ ረጥቦ ሲለቅ በስፖንጅ ይዳብሱታል፤ ከዚያ በለስላሳ ቆዳ ያደርቁታል። አቧራን በደረቁ መፈግፈግ ቫርኒሹን እንደሚያበላሽ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ሳምንታት የሚፈጅ ቀለም ለሄንሪ ፎርድ ጥድፊያ አልተመቸም። ስለዚህ ሞዴል ቲ የተባለችው መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 በጥቁር ቀለም ብቻ ተሠራች። እ.ኤ.አ. በ1923 ደግሞ ዱፖንትና ጄኔራል ሞተርስ ዱኮ የተባለውን ቶሎ የሚደርቅ፣ በመርጫ የሚነፋ ቀለም ለገበያ አበቁ። የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። ቀለም ሲረክስ፣ እንደኔ አስተያየት፣ ጥንቃቄውም አብሮ ረከሰ።

የዛሬው መኪና ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ቀለሙን ከታች፣ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ሽፋን ከላይ ያደርጋል። የምናየው አንጸባራቂ ውበት ያለው በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የራሳችሁን ጠጉር አንድ ዘለላ ነቅላችሁ ተመልከቱ፤ ሽፋኑ ቢበዛ ያን ያህል ቢሆን ነው። አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ብዙ ጊዜ ኳርትዝ አለበት። የማዕድናትን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካው የሞስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲያገኝ፣ የቢላዋ ብረት ከ5 ተኩል አካባቢ አያልፍም። እንግዲህ ብረት የሚጭርን ነገር በጨርቅ ጠቅልለን መኪናችንን «እናጸዳለን» ማለት ነው!

ለምን እንዲህ እናደርጋለን? ቃሉን ከጣሊያን ወስደናል፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኮፈን፣ ላቫጆ። ከቃሉ ጋር ውሃው አልመጣም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጨርቅ ከባልዲ ይቀርባል። ደግሞም የይሉኝታ ነገር አለ፤ አቧራ የለበሰች መኪና ይዞ መሥሪያ ቤት መግባት ያሳፍራል። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። የዛሬውን ንጽሕና ከነገው ውበት ቀንሰን እንገዛዋለን።

ብልሃቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሁለት ባልዲ ውሃ፣ ጥቂት የመኪና ሻምፖና ሁለት ሦስት ለስላሳ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። መኪናዋ ጥላ ሥር ትቁም፤ ኮፈኑም ይቀዝቅዝ። ከሁሉ በፊት፣ እጃችሁ ሳይነካት፣ ከጣራ ጀምራችሁ በጆግ ውሃ አፍስሱባት፤ አሸዋው በውሃ ይውረድ እንጂ በጨርቅ አይገፋ። ከዚያ አንዱ ባልዲ ለሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ ይሁን። ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫኑ፣ በቀጥታ መስመር እጠቡ፤ ማሽከርከር የሸረሪት ድሩን ይሠራል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ወደ መኪናዋ አይመለስ። ቸርኬው ለመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ ይታጠብ፤ የፍሬን ብናኝ ብረት አለበት። የልብስ ሳሙና ዱቄት ሰሙን ስለሚያነሳ ለልብስ ይቅር። ሲደርቅም ፎጣውን ጣል አድርጎ ማንሳት እንጂ መፈግፈግ የለም። ውሃ ከሌለ? አቧራው ይቆይ። አቧራ ቁጭ ብሎ አይጭርም፤ የሚጭረው ስንገፋው ነው።

በማግስቱ ይህን ሁሉ አውቄ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። በእጅ ባትሪ ጎን ለጎን እያበራሁ ጭረቱን ፈለግኩ። በሮቹ ላይ ጥቂት ነው። ኮፈኑ ላይ በዛ ይላል። ከሁሉ የከፋው ጣራው ነው። ጣራውን ልጁ አይደርስበትም፤ ቁመቱ አይፈቅድለትም። ጣራውን የማጥበው፣ ጠዋት ጠዋትም የምጠርገው እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ የቆረጥኩበትን ጨምሬ ሰጠሁት፤ «ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ለአንድ ልጅ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ልጁ ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጣራውንም እኔ ልጠበው፤ በርጩማ አመጣለሁ።»