ከቴሌክስ ደወል እስከ እድራችን ጡሩምባ

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ «ስልክ እያለ ጡሩምባ ነፊ ምን ያደርግልናል?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮን ነበር። እኛም በጽሕፈት ሥራ ያረጀን እንደመሆናችን መጠን፣ ስለ ጥሪ ድምፅ ታሪክ የምናውቀውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

የቴሌክስ መሣሪያ በወረቀት ላይ የሚጽፍ፣ የጽሕፈት መኪና የሚመስል ነገር ነበር። በሆዱ ውስጥ እውነተኛ የብረት ደወል አለው። ላኪው የደወሉን ምልክት ከሩቅ አገር ሲልክ ተቀባዩ ዘንድ ቅጭል ይላል፤ ሠራተኛውም ሻዩን ትቶ ይነሣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የተባለውን የፊደላት ቁጥር ሠንጠረዥ ሲያወጡ ለዚህ ደወል 7 ቁጥርን ሰጡት። በኮምፒዩተር ቁልፉ ኮንትሮልና ጂ ነው፤ ጂ በላቲን ፊደል ሰባተኛ ናትና።

ታዲያ ወረቀቱ ቀርቶ ስክሪን ሲመጣ የብረቱ ደወል ጠፋ፣ ቁጥሩ ግን አልጠፋም። ተርሚናል በሚባለው የጽሑፍ መስኮት ዛሬም 7 ቁጥር ይላካል፤ ምን እንደሚሰማ የሚወስነው ግን ተቀባዩ ነው። ዊንዶውስ የራሱን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል፤ ማክም ሌላ የራሱ አለው። ሊኑክስ ድሮ በሣጥኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ «ጢጥ» ያሰኝ ነበር፣ ዛሬ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። አንዳንዱ መስኮት ብልጭ ብሎ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይተነፍስም። ላኪው ግን «ደውያለሁ እኮ» ብሎ ተቀምጧል!

የእኛም የስልክ መልእክት እንዲሁ ነው። አምና የአንድ አባላችን እናት ባረፉ ጊዜ መልእክቱ ለሁሉም ተልኮ ሳለ፣ የስልካቸውን ድምፅ ያጠፉ ሁለት ጎረቤቶች ከቀብር ቀሩ። ቅጣቱን ከፍለዋል፤ ቅያሜው ግን እስከ ዛሬ አልሻረም።

የባሰም አይተናል። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የእጁም የቤቱም ስልክ ተቋርጦ ነበር። እኛ ነቀምት ያለነው፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ያለ ዘመድ ማረፉን የምንሰማው ከመንገደኛ አፍ ነበር፤ ያውም ከተቀበረ በኋላ።

ጡሩምባ ነፊያችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ በየማዕዘኑ ይቆማል። ነፍቶ ሲያበቃ የሟቹን ስም፣ ቤቱንና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል፤ መብራት ያልበራበትን በር ያንኳኳል። ሕፃናት ያስደነግጣል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ስልኩም ይቀጥል፣ አንቃወምም። ብቻ የሰውዬው የዝናብ ልብስ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ተቀዷልና ሒሳብ ሹማችን ከክረምቱ በፊት ይመልከቱልን።