የዳንግላው ቆንስልና የዓባይ ውኃ

ግምጃ ቤት ማለት የከበረ ዕቃና መዝገብ የሚጠበቅበት ቤት ነው። በአዊ፣ በአንከሻ ምድር የምትገኘው ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች። ከእርሷ በስተሰሜን፣ ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ዳንግላ ትገኛለች። ዛሬ በዳንግላ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ከተማይቱ ከመቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል መቀመጫ እንደ ነበረች ላያስበው ይችላል። ዳንግላ ወደብ አይደለችም፤ የባቡር ሐዲድም አልደረሰባትም። ታዲያ ቆንስሉ በዚያ ምን ይሠራ ነበር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ካርታው ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ከአዲስ አበባው ሌጋሲዮን ሌላ በሐረር፣ በሜጋ፣ በማጂ፣ በጎሬና በዳንግላ ቆንስሎች ነበሯት። ሐረር ወደ እንግሊዝ ሶማሌ፣ ሜጋ ወደ ኬንያ፣ ማጂ፣ ጎሬና ዳንግላ ደግሞ ወደ ሱዳን የሚያዩ ናቸው። ጣልያንም በበኩሏ ከኤርትራ በኩል በአድዋና በጎንደር ወኪሎቿን አስቀምጣ ነበር። ቆንስሎቹ ለንግድ ጉዳይ ብቻ የተላኩ አልነበሩም ማለት ነው፤ የድንበር ክርክርን፣ የባሪያ ንግድንና የአገሩን ሁኔታ እየተከታተሉ ለአጎራባቹ ቅኝ ግዛት ጭምር ዓይንና ጆሮ ሆነው ያገለግሉ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ቆንስሎች በዜጎቻቸው ላይ የመዳኘት ሥልጣን እንዲኖራቸው ስላደረገ፣ ይህም መብት ለሌሎቹ መንግሥታት ስለ ተዳረሰ፣ ክብራቸው ከፍ ያለ ነበር።

የዳንግላው ቆንስል ግን ሌላም ጉዳይ ነበረው፤ እርሱም የጣና ውኃ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል ሦስተኛ አንቀጽ መሠረት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠሩ ተስማምተው ነበር። ውኃውን ማቆምና በውኃው መጠቀም አንድ እንዳልሆኑ ኢትዮጵያውያን በኋላ ደጋግመው ተከራክረዋል። እንግሊዞቹ ግን ከውሉ አልፈው ጣናን ወደ መለካት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 የሱዳን መንግሥት ጂኦሎጂስት ግራብሃም ከባልደረባው ከብላክ ጋር ሐይቁን አጠና፤ ሪፖርታቸውም በ1925 በካይሮ ታተመ።

ያ ዓመት ብዙ ነገር የተገጣጠመበት ነው። በሱዳን የሰናር ግድብ ተጠናቆ የጌዚራ ጥጥ እርሻ በ300 ሺህ ፈዳን መሬት ላይ ተጀመረ፤ ጥጡም የማይቋረጥ ውኃ የሚሻ ነበር። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ጣልያን የጣናን ግድብ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከኤርትራ እስከ ጣልያን ሶማሌ የሚዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ሊደግፉ ተስማሙ። በዚያው በ1925 እ.ኤ.አ. ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ለዳንግላ ተሾመ።

ቺዝማን ቀደም ሲል በዓረብ ምድር የተጓዘ፣ ስለ አዕዋፍ የሚያጠና ሰው ነበር። እስከ 1934 በቆየባቸው ዓመታት በበቅሎ እየተጓዘ የጣናን ዳርቻ ዞረ፤ ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎበኘ፤ እስከ ግሽ ዓባይ ምንጭ ደረሰ፤ ከዚያ በፊት በካርታ ላይ በነጥብ መስመር ብቻ ይታይ የነበረውንም የዓባይ ሸለቆ እስከ ሱዳን ወሰን ተከታትሎ መዘገበ። ያየውን በ1936 በለንደን በመጽሐፍ አሳተመ። ሥራው ትጋት የተሞላበት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም መዝገቡ የገባው በሌሎች ግምጃ ቤት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ራስ ተፈሪ በሰኔ 1918 ዓ.ም. ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ፤ ሁለቱ መንግሥታትም ደብዳቤዎቹ ኢትዮጵያን ለማስገደድ የታሰቡ አይደሉም ብለው ለመመለስ ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ከመቅደላ በኋላ እንግሊዞች በሕንድ ያሳደጓቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒው ዮርክ የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ኩባንያው በ1930 እና በ1931 ጥናቱን አካሄደ፤ ነገር ግን ግድቡ ሳይጀመር የፋሺስት ወረራ ደረሰ። በመካከሉ በ1929 ግብፅና እንግሊዝ ለግብፅ 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሲመድቡ፣ የውኃው ምንጭ የሆነችውን አገር የጠየቀ አልነበረም።

የቺዝማን እውቀት ያልታሰበለት አገልግሎትም ሰጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካርቱም በመረጃ ክፍል ተመድቦ፣ የጎጃም አርበኞችን ለመርዳት በ1940 ነሐሴ በኮሎኔል ሳንድፎርድ መሪነት ለገባው ጓድ ስለ አገሩ የሚያውቀውን አካፍሏል። በ1941 የካቲት የጣልያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ቀስ በቀስ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። በ1956 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ ጥናት በዓባይ ተፋሰስ 33 ፕሮጀክቶችን ለይቶ አመለከተ። ጨራጨራ የጣናን መውጫ ተቆጣጠረ፤ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ460 ሜጋዋት አቅም ሥራ ጀመረ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ተመረቀ።

የዳንግላው ቆንስል ታሪክ ለሙያው ሰው የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። በድርድር ጠረጴዛ ላይ ቃል የሚሰማለት፣ ወንዙን የለካና መዝገቡን በእጁ የያዘ ነው። የአንድ ወንዝ የፍሰት መዝገብ ዓመት ሲጓደልበት፣ የጎደለው ዓመት በኋላ በገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ በየወንዙ ዳር ቆሞ በየማለዳው የውኃውን ከፍታ የሚያነበው ተራ ሠራተኛ፣ ከቆንስል ያላነሰ የአገር ጉዳይ በእጁ ይዟል። እርሱ የሚጽፈው ቁጥር በገዛ አገሩ ግምጃ ቤት በጥንቃቄ ሊቀመጥ ይገባዋል።