ጽጌረዳ በሐይቅና በአምባሰል፦ ከማኅሌቱ እስከ አጥሩ

ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ፣ በሐይቅና በአምባሰል ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሌላው አገር ሁሉ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌት ይቆማሉ። በእነዚህ አርባ ቀናት የሚታሰበው የእመቤታችንና የልጇ ስደት ነው፤ ምሳሌው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባ ነው። ከበሮው አርፎ ሌሊቱ ሲነጋ ግቢውን ዞር ብሎ የሚያይ ሰው ወይራ፣ ጽድና ጌሾ ያገኛል። ጽጌረዳ ከተገኘችም አንድ ጥግ ላይ፣ ያለ ተንከባካቢ፣ ጎኗ ደርቆ ነው። ይህን ያህል ያወደስነውን ተክል ይህን ያህል ሳንተክለው መኖራችን ይገርማል።

ወሎ ደግሞ በዚህ ውዳሴ እንግዳ አይደለም። ማኅሌተ ጽጌን የደረሱት አባ ጽጌ ድንግልና አባ ገብረ ማርያም ዘደብረ ሐንታ ናቸው፤ ትውፊቱም ሁለቱን ከወሎ ምድር ጋር ያያይዛቸዋል። ከድርሰታቸው በስተጀርባ ተአምረ ማርያም አለ። መጽሐፉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አጥብቀው ያዘዙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ግማደ መስቀሉን አምባሰል ውስጥ በግሸን አምባ አኖሩ እየተባለ የሚነገርላቸውም እሳቸው ናቸው።

ከተአምራቱ አንዱ የአትክልተኛን ቀልብ ይስባል። አንድ ሰው የእመቤታችንን ሥዕል በየቀኑ በ50 ጽጌረዳ ያስጌጥ ነበር። የአበባው ወራት ሲያልፍ የሚያቀርበው አጥቶ አዘነ፤ በአበባው ፈንታም የገብርኤልን ሰላምታ 50 ጊዜ ማድረስ ጀመረ። ታሪኩ በምዕራቡ የላቲን ክርስትናም የታወቀ ነው። የዛሬ ሰው ግን የዚያን ምእመን ኀዘን በቀላሉ አይረዳውም፤ በየከተማው በር ላይ የምናያት ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ታብባለችና። የጥንቱ ጽጌረዳ እንዲህ አልነበረም። የአውሮፓና የቅርብ ምሥራቅ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ሳምንታት አብበው ዝም ይላሉ፤ ብርዱ ሲመጣም ቅጠላቸውን አራግፈው ይተኛሉ። ደጋግሞ የማበብ ጠባይ ወደ አውሮፓ የገባው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቻይና በመጡ ዝርያዎች ነው። እንግዲህ ተአምሩ የቆመው በአንድ የአትክልት እውነት ላይ ነው፦ አበባ የሌለበት ወራት በመኖሩ። የእኛም አባቶች የአበባን ወራት የማክበር ስሜት ወስደው ከክረምቱ መውጫ፣ ሜዳው ሁሉ ከሚያብብበት ሰሞን ጋር አጋጠሙት።

የራሳችን ጽጌረዳ ግን መጽሐፍ ሳይጠብቅ ሸንተረሩ ላይ ነበር። ቀጋ ማለቴ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከጥንት ጀምሮ በዱር የበቀለ የጽጌረዳ ወገን እርሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮችም ይገኛል። ከ1,900 ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ 3,300 ሜትር ስለሚበቅል ከሐይቅ ዳር እስከ አምባሰል ደጋ ያለው አገር ሁሉ ይስማማዋል። ነጭ አበባው ባለ አምስት ቅጠል ነው፤ ይሸታል፤ ንብም ይወደዋል። ፍሬው ሲበስል ቀላ ብሎ ብርቱካንማ ይሆናል፤ እረኛ የማያውቀው የለም። አውሮፓውያን ያወቁት እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና 1810 ወደ ትግራይ መጥቶ በሰበሰባቸው እፅዋት ነው ማለት ይቻላል። ስሙ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1820 ጆን ሊንድሊ ስለ ጽጌረዳ ወገኖች በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ሊንድሊ ያኔ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በእኛ ዘንድ የቀጋ ዕጣ ሌላ ሆነ፦ ተቆርጦ አጥር። እሾሁን ፈለግነው፣ አበባውን እግረ መንገዳችንን አየነው።

ሌላም ጽጌረዳ አለ፤ ታሪኩ ከሁሉ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 በቴዎፍሎስ ለፌቭር የተመራ የፈረንሳይ ልዑክ በሰሜን ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ሁለት ሐኪም እፅዋት አጥኚዎች አብረውት ነበሩ፤ ካርቲን ዲሎንና ፐቲ። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም፤ አንደኛው በንዳድ ሞተ፣ ሁለተኛውን ወንዝ ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰ። ከዚያ ውስጥ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ተተክላ የተገኘች፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያላትና ባለ አምስት ቅጠል የሆነች ጽጌረዳ ነበረች። የእፅዋት ሊቁ አሺል ሪሻር በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስለተገኘች «ቅድስት ጽጌረዳ» ብሎ ሰየማት። ስሙ ቀድሞ ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር በኋላ ተለውጦ በራሱ በሪሻር ስም ተጠራች። ቁመቷ ከወገብ ብዙ የማያልፍ፣ ወደ ጎን የምትሰፋ፣ ቅጠሏን የምታራግፍ ቁጥቋጦ ናት፤ ለትንሽ ግቢ ከዚህ የሚመች ተክል ብዙ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1888 አርኪዮሎጂስቱ ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ሐዋራ የሮማውያን ዘመን መቃብር ሲቆፍር የደረቀ የጽጌረዳ አክሊል አገኘ። የቤልጅጉ የጽጌረዳ ሊቅ ፍራንሷ ክሬፓን አይቶ «ይህቺ ያቺ የሐበሻዋ ናት» አለ። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ኸርስት ወደ አክሱም ያመጣት በአራተኛው ክፍለ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ግምት ነው፤ ከአባ ሰላማ ወዲህ ባሉት 1,500 ዓመታት ከግብፅ ጳጳሱም፣ ነጋዴውም፣ ከኢየሩሳሌም ተሳላሚውም ተመላልሷልና።

ያችን ጽጌረዳ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ ማን ጠበቃት ቢባል መልሱ ቅጽሩ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከብት አይገባበትም፣ ማገዶ አይለቀምበትም። በሐይቅ እስጢፋኖስም ያው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ያጸኑበት ስፍራ ያኔ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ቢገናኝም ዛፉ ከአካባቢው ገበሬ መሬት ለይቶ ያሳየዋል። ሃይማኖት ተክል ማቆየት እንደሚችል ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ለመናፈሻ ተብሎ የሚተከል አበባ ግን ልማዳችን አልነበረም፤ ጓሮው የጌሾ፣ የጎመንና የጤና አዳም ነው።

ዛሬ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ብዙ ጽጌረዳ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ሆናለች። በእርሻዎቹ ያሉት ዝርያዎች ፈቃዳቸው ከውጭ የተገዛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚከተቡትም ናታል ብራየር በሚባል የውጭ ግንድ ላይ ነው። ቀጋችን ከአጥር አላለፈም። በየሠርጉ አዳራሽ ደግሞ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ነግሧል፤ ስለ እርሱ የምለው የለኝም።

ጽጌረዳን ሳንተክል የኖርነው መትከሉ ከባድ ስለሆነ አይደለም። ሐይቅ ወይና ደጋ ነው፤ ውርጭ እምብዛም ስለማይጥል ጽጌረዳ እንደ አውሮፓ ክረምት ጠብቃ አትተኛም። ቅጠል የሚያስጥላት ድርቅ ነው። ስለዚህ ዕረፍቷን ራሳችን መስጠት አለብን፦ ዓመቱን ሙሉ የምታብበውን ዘመናዊ ጽጌረዳ ጥር መጨረሻ ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ፣ የሞተውንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን አውጥቶ ቀሪውን በግማሽ መቁረጥ ነው። በቀጋና በጥንት ዝርያዎች ላይ ይህን ያደረገ ግን ዓመቱን ያለ አበባ ያሳልፋል። የሚያብቡት ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ የሚቆረጡት አበባው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም ያረጀው ግንድ ብቻ ከሥሩ። «ቆረጥኳትና እምቢ አለች» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። የሐይቅ ሐይቅ እስከ 88 ሜትር የሚጠልቅ፣ አንካርካ ወንዝ የሚገባበትና በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ነው። ውኃው ሳይወጣ በመትነን ስለሚቀንስ ጨውነቱ ባይሰማም አልካሊነት አለው። ጽጌረዳ ትንሽ አሲዳማ አፈር ትወዳለች፤ ሁልጊዜ ከሐይቁ እየተቀዳ የምትጠጣ ከሆነ ሥሩ ከአፈሩ ብረት መሳብ ያቅተውና አዲሱ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ የዝናብ ውኃ ማጠራቀምና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ማብዛት ነው። አመድ አይጨመር፤ ያባብሰዋል። በዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ክረምት ሥሩን ያበሰብሰዋልና ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ መትከል ይሻላል። ጉድጓዱ ግማሽ ሜትር፣ ፀሐዩ ቢያንስ ስድስት ሰዓት።

በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ የወደቀውን ለቅሞ ማቃጠልና ውኃን ከላይ አለማርከፍከፍ ይበቃል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባቸው የበጋ ወራት ነጭ ዱቄት መሳይ በሽታ ይመጣል። ለክሽክሽ የሳሙና ውኃ ይረጫል። ከዚህ ያለፈ መርዝ ለአንድ ቤት ጽጌረዳ አያስፈልግም።

አንድ ልመና አለኝ፤ ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ፣ በሐይቅና በውጫሌ ላሉ የትምህርት ቤት ክበቦች፣ አበባ ለሚወድ ለማንኛውም የተሁለደሬና የአምባሰል ሰው፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ለግንባታ ሲታደስ፣ የመቃብር ስፍራ በሲሚንቶ ሲለበድ፣ ከጥግ ያለችውን ያረጀች ጽጌረዳ ነቅላችሁ አትጣሉ። በተለይ ነጠላ ባለ አምስት ቅጠል ሆና በዓመት አንዴ የምታብብ ከሆነች ቁራጭ ውሰዱላት፤ ቀጋንም አንድ ጎን አጥር ሆኖ ቆሞ እንዲያብብ ተዉት። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ያልደረቀ እንጨት ተቆርጦ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ይገባል፤ ጥላ ያገኛል፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ጊዜ ሰኔ መጨረሻ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው።